ፌርማታችንን አታንሱብን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስድስት ኪሎ፣ የካቲት 12 ሆስፒታል አጠገብ ያለው የአውቶቡስ ፌርማታ ወደ አራት ኪሎ ቁልቁል ሊወርድ ነው ተባልን፤ እኛን የጠየቀን የለም። ምክንያቱ መጨናነቅ ነው አሉ። ጠዋት ጠዋት መንገዱ እንደሚዘጋ እኔም አያለሁ። የሚዘጉት ግን ፌርማታው ላይ ደርበው የሚቆሙ የግል መኪኖች ናቸው። እነሱ ይነሱ።

እዚያው ሻይ እሸጣለሁ። ሆስፒታሉን ቤተ ሳይዳ ሲባል ጀምሮ የሚያውቁ እናቶች ካርዳቸውን በፌስታል ጠቅልለው ከአውቶቡስ ይወርዱና ትንፋሻቸው እስኪመለስ የእኔ ዱካ ላይ ያርፋሉ። ነፍሰ ጡሮች፣ በክራንች የሚሄዱም አሉ። እነዚህን ሰዎች ያንን ዳገት በእግራችሁ ውጡ ማለት ግፍ ነው፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ያንሸራትታል።

የሰፈሩ ሰው ፊርማ እያሰባሰበ ነው። የሚመለከተው አካል ከመወሰኑ በፊት አንድ ጠዋት መጥቶ ይመልከት።

ከስድስት ኪሎ ነዋሪ