ምን ተሰማው? ምን ተሰማት?

እህት ዓለም፣ እንደምን ከረምሽ? ይህን ያህል ጊዜ ድምፄን አጥፍቼብሻለሁና ይቅር በይኝ። ለመዋዕለ ሕፃናቱ ወላጆች ስለ «ወንድ ልጅ አያለቅስም» ልትነግሪ መሆኑን ስሰማ ግን ዝም ማለት አልሆነልኝም።

በምክር አትጀምሪ፤ ተሳስተሃል የተባለ ወላጅ ጆሮውን ይዘጋል። ተመራማሪዎቹ ጆንና ሳንድራ ኮንድሪ እ.ኤ.አ. በ1976 ያሳተሙትን ጥናት ራሳቸው ይሞክሩት። 204 አዋቂዎች የአንድ የ9 ወር ሕፃን ፊልም አዩ፤ ገሚሱ ወንድ ነው፣ ገሚሱ ሴት ናት ተባሉ። ከሳጥን ውስጥ ድንገት የሚወጣው አሻንጉሊት ሕፃኑን ሲያስደነግጠው፣ ወንድ ነው የተባሉት ይበልጥ ንዴት፣ ሴት ናት የተባሉት ይበልጥ ፍርሃት አዩበት። ሕፃኑ ያው አንዱ ነው።

አንቺም የሚያለቅስ ሕፃን የግማሽ ደቂቃ ቪዲዮ፣ ወላጆቹን አስፈቅደሽ፣ በስልክ ቅረጪ። የጆሮ ጌጥ፣ ሹሩባ፣ ጾታ የሚያሳብቅ ልብስ አይኑር። ለግራው ረድፍ «ምን ተሰማው?»፣ ለቀኙ «ምን ተሰማት?» የሚል ወረቀት አድይ፤ በአማርኛ አንድ ፊደል ይበቃል። ስም ሳይጽፉ በአንድ ቃል ይመልሱ። አደጋው ያንቺ አንደበት ነው፦ «አለቀሰ» ወይም «አለቀሰች» ካመለጠሽ ሁሉም ከንቱ ነው። «ይህን አይታችሁ ወረቀቱ ላይ መልሱ» ብቻ በይ። ወረቀቶቹን ሰብስበሽ «ንዴት» እና «ፍርሃት» ያሉትን በየረድፉ ቁጠሪ፣ ወዲያውም ምስጢሩን ንገሪያቸው። በ30 ሰው ልዩነቱ ላይታይ ይችላል፤ ካልታየ አልታየም በይና የ204ቱን ንገሪያቸው።

«የወንድና የሴት ልጅ ስሜት መለያየቱ ተፈጥሮ አይደለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ተፈጥሮ ድርሻ የለውም እንዳትዪ። ቻፕሊንና አልዳኦ እ.ኤ.አ. በ2013 ከ21,000 በላይ ልጆች የተሳተፉባቸውን 166 ጥናቶች ሲያጠቃልሉ፣ ወንድና ሴት ልጆች ስሜታቸውን በመግለጽ ያላቸው ልዩነት በጣም ትንሽ፣ በጨቅላነትም የማይታይ ሆኖ አገኙት።

የአንድ ሳምንት የቤት ሥራ ስጫቸው። «ወንድ አይደለህ እንዴ?» በሚሉበት ቦታ «ፈራህ? ከፋህ?»፤ «ሴት ልጅ አትጮህም» በሚሉበት «ተናደድሽ?» ይበሉ። የሴቷን ልጅ ንዴት አደራ፤ ሰው ሁሉ ስለ ወንዱ እንባ ሲያወራ እሷ ትረሳለች። ማሞላቀቅ ነው ለሚሉሽ አባቶች ይህን ስጫቸው፦ «መናደድህ ገብቶኛል፣ መማታት ግን አይቻልም።»

ስብሰባውን አባቶች በሚመቻቸው ሰዓት አድርጊው። ልጁ ቀኑን የሚውለው ከአያት ወይም ከሞግዚት ጋር ከሆነ እነሱንም ጥሪ፤ እናት ማታ «ፈራህ?» ብትለው ቀን «አታልቅስ!» ሲባል ከዋለ ግራ ይጋባል።

ቆጥረሽ ስትጨርሺ የሁለቱን ረድፍ ቁጥር ጻፊልኝ።

የሁልጊዜ ወዳጅሽ