ሻይ ያለ እሳት፦ የሳይንስ ክበብ የ2017 ዓ.ም. የሥራ ዘገባ

የሳይንስ ክበባችን ከዚህ ቀደም በየሳምንቱ አዲስ ርእስ እያነሣ ይጥል ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ግን ዓመቱን ሙሉ በአንድ ጥያቄ ላይ እንዲቆይ አባላቱ በጥቅምት ወር በድምፅ ወሰኑ። ጥያቄውን ያመጣችው አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ስትሆን፣ አረንጓዴ ሻይ በቀዝቃዛ ውሃ ተዘፍዝፎ ፍሪጅ ውስጥ ከቆየ ያለ እሳት ሊጠጣ እንደሚችል ሰምታ፣ «ሙቀት ከሌለ ከቅጠሉ ውስጥ ምን ይወጣል?» ስትል ጠየቀች። ሌሎች ርእሶችም ቀርበው ነበር፤ በእጃችን የሌለ መሣሪያ የሚጠይቁ ስለነበሩ ብዙም አልተከራከርንባቸውም። ለሻዩ የሚያስፈልገው ክዳን ያለው ጠርሙስ፣ ሚዛን፣ ቴርሞሜትር፣ ማጥለያና ትዕግሥት ነው፤ ከእነዚህ ውስጥ በትምህርት ቤታችን እጥረት ያለበት የመጨረሻው ብቻ ነው።

ሥራውን የጀመርነው ከቅጠሉ ነው። ብዙዎቹ አባላት አረንጓዴው ሻይና በየቤቱ የምናፈላው ጥቁር ሻይ ከተለያዩ ተክሎች የሚመጡ ይመስላቸው ነበር፤ ሁለቱም ግን የሚለቀሙት ካሜሊያ ሳይነንሲስ ከሚባለው አንድ ተክል ነው። ጥቁር ሻይ ለመሥራት የተለቀመው ቅጠል እንዲጠወልግ ይደረግና ይታሻል ወይም ይደቃል፤ ከዚያም ከአየር ጋር እንዲገናኝ ሲተው በውስጡ ያለው ኢንዛይም ካቴኪን የተባሉትን ውህዶች ቀይና ቡናማ ወደሆኑ ሌሎች ውህዶች ይለውጣቸዋል። አረንጓዴ ሻይ ሲሠራ ደግሞ ቅጠሉ እንደተለቀመ ብዙም ሳይቆይ፣ በጃፓን በእንፋሎት፣ በቻይና በአብዛኛው በጋለ ብረት ላይ፣ እንዲሞቅ ይደረጋል፤ በዚህም ኢንዛይሙ ሥራውን ስለሚያቆም ካቴኪኑ እንዳለ ይቀራል። ይህን ለማሳየት ሩቅ መሄድ አላስፈለገንም፤ ጥሬ ድንች ቆርጠን ግማሹን ለአየር ስንተወው ጠቆረ፣ ግማሹን በፈላ ውሃ ቀቅለን ስናስቀምጠው ግን እንደነጣ ቆየ፤ በድንቹ ውስጥ ያለው ኢንዛይም በሻይ ቅጠል ውስጥ ካለው ጋር የአንድ ቤተሰብ ነው። በአገራችን ኢሉባቦር ውስጥ ጎሬ አጠገብ የሚገኘው የጉመሮና ካፋ ውስጥ ቦንጋ አጠገብ የሚገኘው የውሽውሽ እርሻ በዋነኛነት ጥቁር ሻይ ያመርታሉ፤ ይህም የቅጠሉ ሳይሆን የአሠራሩ ምርጫ መሆኑን ተማሪዎቹ በካርታ ላይ ሲያሳዩ ጥሩ አድርገው አስረድተዋል።

ቀጥሎ የመጣው የውሃው ጉዳይ ነው። ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንደሚፈላ በመጽሐፍ የተማሩት ልጆች ከሚንተከተከው በራድ ውስጥ ቴርሞሜትር ሲያስገቡ መለኪያው 92 ዲግሪ አካባቢ ደርሶ አላልፍ አላቸው፤ ተበላሽቷል ብለው ሌላ አምጥተው እስኪያረጋግጡ ድረስም ዝም አልኋቸው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ዝቅ ያለ ነው፤ ስለዚህም ውሃው ቀድሞ ይፈላል። አረንጓዴ ሻይ በሙቅ ውሃ ሲፈላ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ያለው ውሃ ይመረጥለታልና፣ እዚህ የፈላ ውሃ ጅቡቲ ላይ ከፈላው ይልቅ ለቅጠሉ ትንሽ ይራራለታል ማለት ነው። ትንሽ ብቻ ግን፤ ከእሳቱ እንደወረደ ቅጠል ጨምረንበት እንዲቆይ ያደረግነውን ናሙና እስከ ሲኒው ሥር የጨረሰ አልተገኘም።

ዋናው ሙከራ በአራት ጠርሙስ የተካሄደ ነው። በእያንዳንዱ 5 ግራም ቅጠልና ግማሽ ሊትር ውሃ ነበር፤ አንደኛው በፈላ ውሃ፣ ሁለተኛው በ80 ዲግሪ ውሃ፣ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ቆይተው ተጠለሉ፤ ሦስተኛው ቀድሞ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ተዘፍዝፎ ክፍል ውስጥ ለሁለት ሰዓት፣ አራተኛው በተመሳሳይ ውሃ በመምህራን ካፌ ፍሪጅ ውስጥ ለስድስት ሰዓት ቆየ። (የካፌው ሠራተኞች አንድ መደርደሪያ ዓመቱን ሙሉ ስለለቀቁልን፣ በየጊዜውም «ይህ ጠርሙስ ይደፋ ወይስ ይጠጣ?» ብለው ሳይጠይቁ ምንም ስላልነኩብን ከልብ እናመሰግናለን።) በክፍል ውስጥ የተቀመጠውን ጠርሙስ ልጆቹ ከነጭ ወረቀት ፊት አድርገው ተመለከቱት። መጀመሪያ ደረቁና የተጠመዘዘው ቅጠል ላይ ላዩን ተንሳፍፎ ነበር፤ እየራሰ ሲሄድ አንድ አንዱ መዘርጋትና መስመጥ ጀመረ፤ ከተንሳፈፈው ቅጠል ጫፍም ቀጭን፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ አረንጓዴ ክር እየወረደ በረጋው ውሃ ውስጥ ታች ተጠራቀመ። ከቅጠሉ የወጣው ነገር ውሃውን ስላከበደው ወደ ታች ይወርዳል፤ ስለዚህ ጠርሙሱን በመሐል አንድ ሁለቴ በቀስታ ማገላበጥ እንደሚጠቅም ማንም ሳይነግራቸው ራሳቸው ደረሱበት።

በዓመቱ ውስጥ ብዙ ያከራከረን የካፌይን ነገር ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ካፌይንን በደንብ ስለማያሟሟ ነው በዝፍዝፍ ሻይ ውስጥ የሚያንሰው የሚል መልስ በክበቡ ውስጥ ቶሎ ተቀባይነት አገኘ። ለዚህ መልስ ደጋፊ የሚመስል ቁጥርም አለ፤ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ በክፍል ሙቀት 2 ግራም ያህል ካፌይን ሲያሟሟ፣ በሚፈላበት ጊዜ ግን ከ60 ግራም በላይ ያሟሟል። ሁለት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ግን ሒሳቡን ሠርተው መጡ። በሻይ ቅጠል ውስጥ ያለው ካፌይን ከክብደቱ 4 በመቶ ቢሆን እንኳ 5 ግራም ቅጠል ከ0.2 ግራም የበለጠ ሊያወጣ አይችልም፤ በጠርሙሱ ውስጥ ያለው ግማሽ ሊትር ውሃ ደግሞ በክፍል ሙቀት 10 ግራም ያህል ማሟሟት ይችላል። ውሃው የሚችለው ቅጠሉ ካለው ሃምሳ እጥፍ ከሆነ፣ ውሃው ጠግቦ ነው ሊባል አይችልም። እንግዲህ የሚወስነው ፍጥነቱ ነው፦ በብርድ ውስጥ ሞለኪውሎቹ ከራሰው ቅጠል ወጥተው ወደ ውሃው የሚደርሱት ዝግ ብለው ነው፤ ሁሉም እኩል አይዘገዩም። ቲያኒን የተባለው፣ ለአረንጓዴ ሻይ ለስላሳ ጣፋጭነትና የሾርባ ዓይነት ጣዕም የሚሰጠው አሚኖ አሲድ በቀዝቃዛ ውሃም በቀላሉ ይወጣል፤ ምላስን የሚይዙትና አፍን የሚያደርቁት ትላልቆቹ ካቴኪኖች፣ እንዲሁም ካፌይኑ፣ ወደ ኋላ ይቀራሉ። ከዚህ ክርክር የተገኘው ፍሬ፣ በእኔ ግምት፣ በዓመቱ ከተሠራው ሁሉ የሚበልጠው ነው፤ ምክንያቱም ከመጽሐፍ የተወሰደ ትክክለኛ ቁጥር ለተሳሳተ ምክንያት ሊውል እንደሚችል አሳይቷልና። ደግሞም ቅጠሉ በጠርሙሱ ውስጥ ባደረ ቁጥር የካፌይኑ መጠን እየጨመረ ስለሚሄድ፣ ዝፍዝፍ ሻይ ካፌይን የለውም የሚለው አነጋገር ልክ አይደለም፤ እንቅልፍ የሚቸግረው ሰው ማታ ባይጠጣው ይሻለዋል።

በየካቲት ሁለተኛ አጋማሽ ዐቢይ ጾምና ረመዳን በጥቂት ቀናት ልዩነት ስለገቡ የቅምሻውን ሥራ ወደ ፋሲካ ማግሥት አዛወርነው፤ በዚያ ወቅት በቤተ ሙከራ የሚታይ እንጂ የሚቀመስ ነገር አልነበረንም። ከአራቱ ናሙናዎች እኩል መጠን በሙከራ ቱቦ ቀድተን በእያንዳንዱ ላይ እኩል ጠብታ ፌሪክ ክሎራይድ የተባለ ብረት ያለበት ውህድ ጨመርንበት። ብረቱ ከካቴኪኖቹ ጋር ሲገናኝ ሰማያዊና አረንጓዴ ወዳለበት ጥቁረት ይለወጣል፤ የፈላው ናሙና ወዲያው የጽሕፈት ቀለም መሰለ፣ የ80 ዲግሪው ከእርሱ ፈካ አለ፣ የፍሪጁ ደግሞ ከኋላው የተያዘው ጽሑፍ እስኪነበብ ድረስ ስስ ሆነ። ይህ መጠኑን በግራም አይነግረንም፤ ቅደም ተከተሉን ግን ያለ ጥርጥር ያሳያል። ካቴኪንን ከአረንጓዴ ሻይ ለይተው ያወጡት ሚቺዮ ሱጂሙራ የተባሉ ጃፓናዊት ሳይንቲስት ናቸው፤ ሥራው የተጠናቀቀው እ.ኤ.አ. በ1929 ሲሆን፣ በ1932 በአገራቸው በግብርና ሳይንስ የዶክትሬት ዲግሪ ያገኙ የመጀመሪያዋ ሴት ሆነዋል። ታሪካቸውን ለክበቡ ያቀረበችው ተማሪ በግድግዳ ጋዜጣችን ላይ ሙሉ ገጽ ተሰጥቷታል። በዚሁ የጾም ወቅት ሙስሊም አባሎቻችን ከዙህር ሶላት በኋላ ፍሪጅ ያስገቡት ሻይ ለኢፍጣር እንደሚደርስላቸው ነግረውናል፤ ስድስት ሰዓት ከየትኛውም ሰንጠረዥ ይልቅ በዚህ ምሳሌ በሁሉም አእምሮ ውስጥ ቀረ።

ቅምሻው ከፋሲካ በኋላ በካፌው አዳራሽ ተካሄደ፤ በቤተ ሙከራ ውስጥ ምንም እንደማይበላና እንደማይጠጣ የክበቡ የመጀመሪያው ደንብ ነው። ለእያንዳንዱ ቀማሽ ሦስት ሲኒ ይቀርብለታል፤ ሁለቱ ከአንድ ጠርሙስ፣ አንዱ ከሌላ ጠርሙስ የተቀዱ ናቸው፤ ልዩ የሆነውን እንዲያመለክት ይጠየቃል። በግምት ብቻ የሚመልስ ሰው ከሦስት አንዴ ስለሚሳካለት፣ ውጤቱ ከዚህ በላይ ካልሄደ ልዩነት አለ ብለን አንጽፍም። ብርድ በራሱ ምሬትን ስለሚሸፍን በሙቅ የተፈላውም እኩል ቀዝቅዞ ቀረበ፤ ይህን ጥንቃቄ ያሳሰበው የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነው። በፈላ ውሃ የተሠራውንና የፍሪጁን ለይቶ ማወቅ ለብዙዎቹ ቀላል ሆነ፤ በክፍል ሙቀት ለሁለት ሰዓት የቆየውንና የፍሪጁን ግን አብዛኞቹ መለየት አልቻሉም። ስኳር አልቀረበም ነበርና ስለዚህ የቀረበው አቤቱታ ከሌላው አስተያየት ሁሉ ይበዛል።

ጥቁር ሻይ የተሞከረው ለንጽጽር ብቻ ስለሆነ ባጭሩ ልለፈው። በሙቅ ውሃ ፈልቶ ፍሪጅ የገባ ወፍራም ጥቁር ሻይ ሲቀዘቅዝ ይደፈርሳል፤ ካፌይኑና ከካቴኪን የተገኙት ውህዶች በብርድ ተያይዘው ስለሚረጉ ነው፤ ሲሞቅ ተመልሶ ይጠራል። በቀዝቃዛ ውሃ የተዘፈዘፈው ግን እንደጠራ ይቆያል። የአገራችን ቅጠል ደቃቅ በመሆኑ ቶሎ ይቀላል፤ ማጥለያውም ጠበቅ ያለ መሆን አለበት።

በቤታቸው ለመሞከር ለሚፈልጉ ወላጆችና ተማሪዎች፣ ለአንድ ሊትር 10 ግራም ቅጠል፣ ወይም 2 ግራም የሚመዝኑ አምስት የሻይ ከረጢቶች ይበቃሉ። ውሃው አስቀድሞ በደንብ ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን፤ ቀዝቃዛ ውሃ ጀርም ስለማይገድል፣ በሙቅ ሻይ የለመድነው ጥበቃ እዚህ የለም። ጠርሙሱም በፈላ ውሃ ይታጠብ፣ ክዳኑ ይከደን፣ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ፣ ከዚያ ይጠለልና እስከ ማግሥቱ ይጠጣ። ፍሪጅ የሌለበት ወይም መብራት የሚጠፋበት ቤት ሁለት ሰዓት ዘፍዝፎ ወዲያው መጠጣት ይችላል፤ ከቅምሻው እንዳየነው በጣዕም የሚያጣው ነገር የለም ለማለት ይቻላል። ጠርሙሱን ፀሐይ ላይ አስቀምጦ ማሞቅ ግን አይመከርም፤ ውሃው ለጀርም መራቢያ የሚመች ለብታ ላይ ይቆያል እንጂ ጀርሙን የሚገድል ሙቀት አይደርስም። ናና ወይም ቀጭን የዝንጅብል ቁራጭ አብሮ መዘፍዘፍ ይቻላል። ሻይ ከእህልና ከጥራጥሬ የምናገኘውን ብረት ሰውነታችን እንዳይወስድ ስለሚያውክ ከምግብ ጋር ባይጠጣ ይመረጣል፤ በተለይ የደም ማነስ ያለባቸው ልጆች ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቢታገሡ መልካም ነው። አረንጓዴ ሻይ ያከሳል፣ ይህንና ያንን በሽታ ያድናል የሚሉ ጽሑፎች ለግድግዳ ጋዜጣው ቀርበው ነበር፤ እኛ በመለካት ያላየነውን በክበቡ ስም አናወጣም ብለን መልሰናቸዋል።

በሰኔ በተከበረው የወላጆች ቀን ክበቡ ሁለት ትላልቅ ማሰሮ ሻይ ይዞ ቀርቧል። አንዲት እናት ፈዘዝ ያለውን ቀለም ተመልክተው፣ «ልጄ፣ ይሄማ ውሃ ነው፤ ሻይ እሳት ካላየ ምኑን ሻይ ሆነ?» ሲሏት፣ ጥያቄውን በጥቅምት ያነሣችው ተማሪ፣ «እትዬ፣ አንዴ ይቅመሱትና ያኔ ይፍረዱ» ብላ ሲኒውን በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። እርሳቸውም ቀመሱ፤ ጠንከር ቢል እንደሚሻል ነግረዋት ሁለተኛ አስቀዱ።

ለ2018 ዓ.ም. የታቀደው ውሃውን መለወጥ ነው። ከአቃቂ የጉድጓድ ውሃ የሚደርሳቸው ሰፈሮችና ከለገዳዲ ወይም ከገፈርሳ ግድብ የሚደርሳቸው ሰፈሮች የሚጠጡት ውሃ በውስጡ ያለው የማዕድን መጠን ይለያያል፤ ይህም የሻይን ቀለምና ጣዕም እንደሚነካ ይታወቃል። አባላት ከየሰፈራቸው ውሃ የሚያመጡበት ባለ አንድ ሊትር የብርጭቆ ጠርሙስ ከነክዳኑ በመስከረም ምዝገባ ላይ ይዘው እንዲቀርቡ፣ የሰፈራቸውንም ስም ከወዲሁ እንዲለጥፉበት እናሳስባለን።