ካርቡሬተርን ያለ ጥፋቱ አንውቀስ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

አሮጌ ሞተሮችን ለዓመታት ስፈታና ስገጥም የኖርኩ ሰው በመሆኔ፣ የጥንት መኪና ካርቡሬተር (ቤንዚንን ከአየር ጋር ቀላቅሎ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ክፍል) ወጥቶ በኢንጀክሽን (ነዳጁን በግፊት በሚረጭ ሥርዓት) እንዲተካ የሚሰጠው ምክር መብዛቱ ያሳስበኛል።

ካርቡሬተርን የማያስተማምን የሚያስመስለው አብዛኛው ችግር የሚመጣው፣ መኪናው ለወራት ሲቆም ከተነነው ቤንዚን የሚቀረው ሙጫ መሰል ዝቃጭ ቀጫጭን ቀዳዳዎቹን ስለሚደፍን፣ ኤታኖል የተቀላቀለበት ነዳጅም የቆዩ የጎማ ክፍሎችን ስለሚበላ ነው። ይህ ብልሽት አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩ ሲንተፋተፍ አስቀድሞ ይታወቃል፤ በተራ መፍቻም ይጠገናል።

ኢንጀክሽን በብርድም ሆነ በከፍታ ቦታ የነዳጁን መጠን ከአየሩ ጋር በተሻለ እንደሚያመጣጥን አልክድም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1967 በቮልስዋገን 1600 ላይ የተገጠመውን የቦሽ ዲ-ጄትሮኒክን የመሰሉ ቀደምት ሥርዓቶች ዛሬ የሚያስቸግሩት፣ የሽቦዎቻቸው ሽፋን በዕድሜ ስለሚሰነጣጠቅና ለግፊት ሴንሰራቸው ምትክ ማግኘት ከባድ ስለሆነ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። የካርቡሬተር የነዳጅ ግፊት ከ0.5 ባር እምብዛም አይበልጥም፤ የኢንጀክሽን ግን ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ባር ይደርሳል። ስለዚህ ለውጡን የሚያደርግ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ አሮጌውን የጎማ ቱቦና ማሰሪያዎቹን ይህን ግፊት በሚችሉ እንዲተካ አጥብቄ እለምናለሁ፤ በጋለ ሞተር ላይ የሚረጭ ቤንዚን እሳት ያስነሳልና።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ