ለ7ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆች በሙሉ

ጉዳዩ፦ ቅዳሜ መስከረም 24 ቀን 2018 ዓ.ም. በዓባይ ዳር ስለሚደረገው የወፍ ምልከታ

የተከበራችሁ ወላጆች፣

ተማሪዎቻችን ዓባይ ከጣና በሚወጣበት፣ ባሕር ዳር ዳርቻ ላይ ወፎችን ይመለከታሉ። ከትምህርት ቤት የምንነሳው 1:00 ሰዓት ላይ ነው። ወፍ የሚበዛው ገና ሲነጋ አይደል ወይ የሚል ወላጅ አይጠፋም፤ ልክ ነው። ነገር ግን ሌሊቱን ሲግጥ ያደረ ጉማሬም ወደ ውሃው የሚመለሰው በዚያው ሰዓት ነው። በጉማሬና በውሃው መካከል ከመገኘት ጥቂት ወፍ ቢያመልጠን ይሻላል። 4:00 ሰዓት ላይ እንመለሳለን።

ዋናው ሥራ የመስቀል ወፍን መለየት ነው። በዓመት አንዴ ብቅ ብሎ ይጠፋል ይባላል እንጂ ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ነው። ወንዱ በክረምት ላባውን ቀይሮ ቀይና ጥቁር ይሆናል፤ የመራቢያ ጊዜው ሲያልፍ ግን እንደ ሴቷ ቡናማ ዝንጉርጉር ስለሚሆን ልብ የሚለው የለም። ስለዚህ ልጆቹ ቀዩን ካዩ በኋላ ሣሩ ውስጥ ያሉትን ቡናማዎቹንም ይፈልጋሉ።

ውሃው ላይ ደግሞ ጥቁርና ነጩን ዓሣ አጥማጅ ወፍ እናያለን። ክንፉን እያርገበገበ አየር ላይ ባለበት ይቆምና በምንቃሩ ተወርውሮ ይጠልቃል። ደረቱ ላይ ሁለት ጥቁር መቀነት ያለው ወንዱ ነው፤ የሴቷ አንድ ብቻ፣ እሱም መሐሉ የተቆረጠ ነው።

ለሁለት ልጅ አንድ ባይኖኩላር እንሰጣለን፤ 8 እጥፍ የሚያቀርብ ነው። ቤት ውስጥ 10 እጥፍ ካላችሁ አትላኩት፤ በልጅ እጅ ምስሉ ይንቀጠቀጣል። እስከዚያው ሁለት ባዶ የሶፍት ካርቶን አስራችሁ አለማምዷቸው፦ አንድ ራቅ ያለ ዕቃ ይዩ፣ ከዚያም ዓይናቸውን ከዕቃው ሳይነቅሉ ካርቶኑን ወደ ዓይናቸው ያምጡ። በባይኖኩላሩ ውስጥ ወፍ መፈለግ የጀመረ ልጅ ሲያገኘው ወፉ ሄዷል። ወደ ፀሐይ ማየት ፈጽሞ ክልክል ነው።

ጊዜው የወባ ስለሆነ እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስ ይልበሱ፤ ደማቅ ቀለም ግን ይቅር። ዳርቻው ገና ጭቃ ስለሆነ ሽፍን ጫማ ያድርጉ፣ ትርፍ ካልሲም ይያዙ። እግርም ሆነ እጅ ውሃው ውስጥ አይነከርም፤ የቢልሃርዝያ ትል በቆዳ በኩል ይገባል።

1 ሊትር ውሃና ቆሎ ወይም ዳቦ ይበቃል። ቺፕስ አትላኩ፤ የላስቲኩ ኮሽታ ወፍ ያባርራል።

የፈቃድ ቅጹን ፈርማችሁ እስከ ሐሙስ መስከረም 22 መልሱልን። አስም ያለበት ልጅ ካለ ቅጹ ላይ ይጻፍ፣ መድኃኒቱንም ይዞ ይምጣ።

ከሰላምታ ጋር
ርዕሰ መምህር