ቆሻሻ የተባለው ድንጋይ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ከበሩ ድንጋዮች ስትጽፉ ሁሌ የምታነሱት ተቆርጦ የተወለወለውን ነው። እኔ ደግሞ ስላልተነካው አንድ ነገር ልበል።

ከጉጂ፣ ከሻኪሶ የመጣች ጭብጥ የምታክል ድንጋይ ነበረችኝ። ግማሿ ጥቁር ማይካ ነው፤ በጥፍር ሲነኩት እየተላጠ እጅ ላይ የሚያብለጨልጭ። በመሀሏ ነጭ ኳርትዝ ያልፋል። ሁለቱ ከሚገናኙበት ላይ ሦስት ባለ ስድስት ጎን ኤመራልዶች እንደ እርሳስ ቁራጭ ብቅ ብለዋል። መጽሐፍ ቅዱስ መረግድ የሚለው መሆኑ ነው።

ዋጋዋን ልጠይቅ ብዬ አንድ ቆራጭ ጋ ወሰድኳት። ስልክ ላወራ ወጣ ብዬ ስመለስ በመዶሻ ፈልፍሎ ሦስቱን ብቻ ወረቀት ላይ ደርድሮ ጠበቀኝ። «ቆሻሻውን አጸዳሁልህ» አለኝ፣ ያውም ደስ ብሎት! አንዷ ለሁለት ተሰንጥቃለች። ምን ይደረግ፣ የለመደው በካራት መመዘን ነው።

ቆሻሻ ግን አልነበረም። ኤመራልድ እንዲፈጠር ቤሪሊየም የሚባል ንጥረ ነገር ያስፈልጋል፣ አረንጓዴ የሚያደርገው ደግሞ በዋናነት ክሮሚየም ነው፣ እነዚህ ሁለቱ አንድ አለት ውስጥ እምብዛም አይገኙም። ሻኪሶ ላይ ቤሪሊየሙን ያመጣው ፔግማታይት የሚባለው አለት ነው። ክሮሚየሙ ከጥንቱ ጥቁር አለት መጣ። ሁለቱ ሲነካኩ መሀላቸው ላይ ማይካው ተፈጠረ፣ ኤመራልዱም እዚያው አደገ። ታዲያ ያ ሁሉ ከተራገፈ በኋላ ኤመራልዷን የማን አገር ልጅ ነሽ ቢሏት ምን ትመልሳለች?

ማዕድን የሚሰበስቡ ሰዎች የሚፈልጉት ይህንኑ ነው። በአሪዞናዋ ቱሳን ከተማ በየዓመቱ በሚደረገው ትርዒት እንዲህ ያለው ድንጋይ እንዳለ ይሸጣል። ለመቆረጥ የማይሆን ደብዛዛ ኤመራልድ እንኳ ከነአለቱ ከሆነ ገዢ አያጣም። የሻኪሶው ኤመራልድ ገበያ ላይ በደንብ ከታወቀ ገና ከ2009 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ነው፣ እኛም ከአሁኑ መዶሻውን ብናሳርፈው ምናለ? (ማይካ ላይ በሙጫ ለጥፎ የሚሸጥም አይጠፋም፤ ብዙው ሙጫ በአልትራቫዮሌት መብራት ሲታይ ስለሚያበራ ሳትፈትሹ አትግዙ።)

ማይካውን ከጠረጴዛው ሥር ለቃቅሜ በብስኩት ካርቶን አስቀምጬዋለሁ። ባለቤቴ እስካሁን ሁለቴ ልትደፋው ነበር።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ