ለእማዬ፣ ዘጌ

እማዬ እንደምን ሰነበትሽልኝ፣ በስልክ ስጠይቅሽ "ደህና ነኝ" ብለሽ ስለምትዘጊብኝ ነው የጻፍኩልሽ፣ እህቴ ቀስ ብላ ታንብብልሽ፣ መሃል ላይ እንዳታስቆሚያት ደሞ።

ያኔ ከጀልባ ወርደን ወደ ቤት ስንወጣ 3 ጊዜ ቆምሽ። መጀመሪያ ነጠላሽን አስተካከልሽ፣ ቀጥሎ ቡናው ዘንድሮ እንዴት ያዘ አልሽኝ፣ ሶስተኛው ላይ ግን ሰበብም አጣሽለት መሰለኝ ግንዱን ይዘሽ ዝም አልሽ። ሌሊትም ያቺን ደረቅ ሳል በጋቢ አፍነሽ ስትስዪ ሰምቼሻለሁ። ሰምቼ ዝም ማለቴ የኔ ጥፋት ነው።

ከሚሰጡሽ 4 የኬሞ መድሃኒቶች አንዱ ብሊዮማይሲን ይባላል፣ ለንፍፊትሽ ጎበዝ ነው፣ ለሳንባ ግን ክፉ ነው። ሰውነታችን መድሃኒቱን የሚሰባብርበት ኢንዛይም አለው፣ ሳንባና ቆዳ ላይ ግን ኢንዛይሙ ትንሽ ስለሆነ መድሃኒቱ እዛ ይቀመጣል። ጀርባሽ ላይ የወጣው ጥቁር ሰንበር፣ ጅራፍ ያረፈበት የሚመስለው፣ ከዚሁ ነው እንጂ ጎረቤት እንዳለችው የሰው ዓይን አይደለም። ሳንባ ውስጥ ደግሞ መጀመሪያ ይቆጣል፣ ካልተደረሰበት ጠባሳ ይሆናል፣ ጠባሳ ደሞ አይሽርም። መድሃኒቱ በተጠራቀመ ቁጥር በተለይ ከ400 ዩኒት ካለፈ ያሰጋል፣ ዕድሜም ይጨምርበታል። የሚወጣው በሽንት ስለሆነ የኩላሊት ምርመራውን "ደሜን ጨረሱት" እያልሽ አትዝለዪው።

ሳልሽን ለዶክተሯ ያልነገርሻት ኬሞውን ያቆሙብኛል ብለሽ እንደሆነ ገብቶኛል። እማ፣ ሳንባሽን ነክቶት ከተገኘ የሚቆመው እኮ ብሊዮማይሲኑ ነው፣ ሌሎቹ ሊቀጥሉ ይችላሉ። ምናልባት ኢንፌክሽን ይሆናል፣ እሱንም በራጅና በትንፋሽ ምርመራ የሚለዩት እነሱ ናቸው፣ አንቺ በዝንጅብል አትለዪውም። አስቀድሞ የሚከላከል ክኒን ቢኖር ገዝቼ እልክልሽ ነበር፣ የለም፣ ያለው ቶሎ መናገር ነው። ኬሞው ካለቀ ከወራት በኋላም ሊመጣ ስለሚችል ያኔም አትደብቂኝ።

ለየካቲት 16 ዝክር ጠላ መጥመቅሽ እንደማይቀር አውቃለሁ፣ ግን ጋኑን በወይራ የምታጥነው እህቴ ናት፣ አንቺ ውጪ በርጩማ ላይ ቁጭ ብለሽ እዘዢ (እሱን ትችዪበታለሽ)። እንጀራውም እንደዛው። ዕድሜ ልክሽን ማጀት ውስጥ ጭስ የጠጣ ሳንባ ላይ ሌላ ጭስ አንጨምርበት።

አንድ ነገር ደሞ፣ ወደፊት ኦፕራሲዮን ቢኖርሽ ማደንዘዣ ለሚሰጠው ሰው ብሊዮማይሲን እንደወሰድሽ ይነገረው። ኦክስጅን ሲበዛ ያንኑ ሳንባ ሊያስቆጣው ይችላል፣ አይሰጣት ማለት ሳይሆን በልኩ ይሁን ነው። የመድሃኒቱ ስም ያለበትን ወረቀት ከመታወቂያሽ ጋር አስቀምጪው።

ቀጠሮሽን አልጠብቅም፣ ሐሙስ በመጀመሪያው ጀልባ መጥቼ ባህር ዳር ይዤሽ እመጣለሁ። እስከዛ ትኩሳት ከመጣብሽ ወይም ተቀምጠሽ ካጠረሽ ግን በዛው ሰዓት ደውሉልኝ። ወደ ጀልባው ስንወርድ ስንት ጊዜ እንደምትቆሚ እቆጥራለሁ፣ ቁልቁለት ስለሆነ ቡናው እንዴት ያዘ የሚባል ነገር የለም፣ ቁጥሩን ለዶክተሯ እራሴ ነው የምነግራት።

ልጅሽ