የታሪክ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ንጉሡ ከፈረስ የወደቁ ዕለት

ክበባችን ዘንድሮ ወደ ኮሪያ ነገሥታት የዞረው በአንድ ጥያቄ ምክንያት ነው። ጥቅምት ላይ ስለ ቃኘው ሻለቃ ዘማቾች ስንወያይ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል አባል “ወታደሮቻችን ሳይዘምቱ በፊት ኮሪያ ምን ነበረች?” አለች። ጥያቄዋን ስንከተል እ.ኤ.አ. ከ1392 እስከ 1910 የዘለቀው፣ 27 ነገሥታት የተፈራረቁበት የጆሰን ሥርወ መንግሥት ላይ ደረስን። ዓመቱም እዚያው አለቀ።

እኔ የጠበቅሁት ልጆቹ በአድሚራል ዪ ሱን ሺን እንዲማረኩ ነበር። በ1597 በ13 መርከቦች ብቻ እጅግ የሚበዛውን የጃፓን ባሕር ኃይል መክተው የመለሱ ሰው ናቸው። ታሪኩን ወደዱት፤ ልባቸው የቀረው ግን ጸሐፊዎቹ ዘንድ ነው።

በጆሰን ቤተ መንግሥት የንጉሡን ውሎ የሚመዘግቡ ታሪክ ጸሐፊዎች ነበሩ። በ1404 ንጉሥ ቴጆንግ አደን ላይ ሳሉ ከፈረስ ወደቁ። ተነሥተው ግራ ቀኙን አዩና “ይህን ጸሐፊው እንዳይሰማ” አሉ። መውደቃቸውም፣ እንዳይሰማ ማለታቸውም ተጻፈ። ይህን ሳነብላቸው ክፍሉ ጸጥ አለ። ልጃቸው ንጉሥ ሴጆንግም የአባቴን ዜና መዋዕል ልይ ቢሉ ሹማምንቱ አይሆንም አሏቸው፤ ንጉሥ የሚያየው ከሆነ ጸሐፊ እውነቱን መጻፍ ይፈራልና። ንጉሡም ተዉት። ለእኔ የሴጆንግ ትልቅነት ከዚህ ይጀምራል።

ሴጆንግ በ1446 ያወጁት የኮሪያ ፊደል 28 ሆሄያት ነበሩት። የመሠረታዊዎቹ ተነባቢዎች ቅርጽ የተቀዳው ድምፁ ሲወጣ ምላስ፣ ከንፈር፣ ጥርስና ጉሮሮ ከሚይዙት ቅርጽ ነው። በሀ ሁ ያደጉት ልጆቻችን “ነ” እና “መ” እያሉ ምላሳቸው የት እንዳረፈ፣ ከንፈራቸው እንዴት እንደተዘጋ ሲፈትሹ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ አለፈ። ቸኩለው ቢሆን ኖሮ ይቆጨኝ ነበር።

ስለ ጃንግ ዮንግ ሲል ስናጠና ግን ተሳሳትሁ። ጃንግ ከባርነት ወጥተው በሴጆንግ የተሾሙ፣ በ1434 ሰዓቱን ራሱ የሚደውል የውኃ ሰዓት የሠሩ ባለ እጅ ናቸው። የዝናብ መለኪያውም የእሳቸው ነው ብዬ አስተማርሁ። አንድ አባል ግን ዜና መዋዕሉ በ1441 የሚያነሣው አልጋ ወራሹን መሆኑን አግኝቶ አመጣ፤ ልዑሉ ዝናብ በጣለ ቁጥር አፈር እየቆፈሩ እርጥበቱ የደረሰበትን ሲለኩ ቆይተው፣ አልሆን ሲላቸው የመዳብ ዕቃ አሠርተው ውኃውን ማጠራቀም ጀመሩ።

ልጆቹን ያሳዘናቸው የጃንግ ፍጻሜ ነው። በ1442 በእሳቸው ኃላፊነት የተሠራው የንጉሡ መጓጓዣ ወንበር ተሰበረ፤ ተገርፈው ከሹመታቸው ተባረሩ። የንጉሥን ከፈረስ መውደቅ ያልዘለለው መዝገብ ከዚያ በኋላ ስለ እሳቸው ዝም ይላል።

በሚያዝያው ስብሰባ የክበቡ ጸሐፊ ቃለ ጉባኤውን ስታነብ የእኔ ስሕተት ላይ ደርሳ “መምህር፣ ይሰረዝ?” አለችኝ። እንዳለ እንዲቆይ ነገርኋት። መዝገቡ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል፤ ስሕተቴም እርማቱም አንድ ገጽ ላይ ናቸው።